ተረከዝ ከፍ ሲል ስኬት ይፈጥናል?

ድሬዳዋ ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ከዚራ የሚባለው ሰፈር ነፍስ ይዘራል። ዛፎቹ ሥር ሁለት ዓይነት ሰው ይበዛል፤ አንዱ ሻይ የያዘ፣ ሌላው እግሩ ላይ ጎማ ያሰረ። እኔ ከመጀመሪያዎቹ ነኝ። ባለፈው ሰሞን ከተቀመጥኩበት ፊት ለፊት አንድ የሰፈራችን ልጅ የስኬት ጫማውን ፈታቶ አስፋልቱ ዳር ተቀምጧል። ቡሎኖቹን በኮፍያው ውስጥ ሰብስቧል። በጫማው ሶልና ጎማዎቹን በያዘው ሻንሲ መሃል፣ በተረከዝ በኩል፣ ከውሃ ፕላስቲክ ቆርጦ ያጣጠፈውን ነገር ለማስገባት ይታገላል።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«ተረከዙን ከፍ እያደረግኩት ነው ጋሼ። የሆኪ ተጫዋቾች እንዲህ ነው የሚያደርጉት። ሲነሱ ጥይት ናቸው።»

«ማን ነገረህ?»

«አቦ፣ ቲክቶክ ላይ አየሁት!»

በማግስቱ ጉልበቱ ተልጦ አገኘሁት። የሚገርመው ግን ልጁ አልተሳሳተም። ነገሩ እውነት ነው። የሰማው ግን ግማሹን ነው። ቀሪው ግማሽ ብዙ የሚያወዛግብ ስለሆነ ዛሬ እሱን ላፍታታ። (ከዚህ በኋላ «ስኬት» ስል ጎማ ወይም ብረት ያለውን ጫማ ማለቴ ነው። ሌላውን ስኬት ለአነቃቂ ተናጋሪዎች ትቼዋለሁ።)

በረዶ የሌለበት ከተማ ከሆኪ ጋር ምን አገናኘው?

ሆኪን ለማያውቅ፣ የእኛን የገና ጨዋታ አስቡት። ዱላው አለ፣ ግርግሩ አለ። በሩሯ ፈንታ ጠፍጣፋ የጎማ ክብ አድርጉ፣ ሜዳውን በረዶ አድርጉት፣ ተጫዋቹን ብረት የተገጠመለት ጫማ አጫሙት። በሰሜን አሜሪካ ትልቁ ሊግ ሜዳው 61 ሜትር ርዝመትና 26 ሜትር ወርድ ነው። ከእግር ኳስ ሜዳ ጋር ሲተያይ ጓሮ ማለት ነው። ስለዚህ ተጫዋቹ ረጅም ርቀት የሚከንፍበት ጊዜ የለውም። ይነሳል፣ ይቆማል፣ ይዞራል፣ እንደገና ይነሳል። አንዴ ከገባ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ደቂቃ በታች ተጫውቶ በሌላ ይቀየራል። እዚያ ጨዋታ ውስጥ ዋናው ነገር ከቆሙበት ተፈትልኮ መነሳት ነው። የፊዚክስ መጽሐፍ ፍጥንጥነት ይለዋል። ሹፌሮች ደግሞ «አነሳሷ ጥሩ ነው» ይላሉ። እኔም አነሳስ እለዋለሁ።

አራት ጎማ በአንድ መስመር የተደረደረበት ስኬት ደግሞ የሆኪ ዘመድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 አካባቢ በአሜሪካ ሚኒሶታ ሁለት ወንድማማቾች፣ ስኮትና ብሬናን ኦልሰን፣ ሮለርብሌድ የሚባለውን የጀመሩት የበረዶውን ወቅት ሳይጠብቁ ሆኪ የሚለማመዱበት ጫማ ሲፈልጉ ነው። በረዶ ላይ የሚሠራ ብዙ ነገር አስፋልት ላይም የሚሠራው በዚህ ምክንያት ነው። ብዙ ነገር አልኩ እንጂ ሁሉም አላልኩም።

«ዘንበል» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ተረከዛችሁ ከእግር ጣታችሁ ምን ያህል ከፍ ብሎ እንደተቀመጠ ነው። ተረከዝ ከፍ፣ ጣት ዝቅ ካለ ጫማው ወደፊት አዘንብሏል እንላለን። ሁለቱ እኩል ከሆኑ ለጥ ያለ ነው። በቃ።

ይህን ለማወቅ ስኬት አያስፈልግም። አሁኑኑ ባዶ እግራችሁን ቁሙና ተረከዛችሁ ከመሬት ሳይነሳ ቁጢጥ በሉ። አንዳንዱ ሰው ያለ ችግር ይቀመጣል። ቁርጭምጭሚቱ ግትር የሆነ ሰው ግን ወደ ኋላው ይወድቃል። አሁን ተረከዛችሁ ሥር ቀጭን ጣውላ ወይም ወፍራም ደብተር አድርጉና ድገሙት። ቀለለ አይደል? ጉልበታችሁ ወደፊት የሚሄድበት ቦታ ስላገኘ ነው። ክብደት አንሺዎች ተረከዙ 2 ሴንቲ ገደማ ከፍ ያለ ጫማ የሚያደርጉትም ለዚሁ ነው። እግራችሁ ላይ ያለው የሩጫ ጫማ እንኳ ተረከዙ ከፊቱ 1 ሴንቲ አካባቢ ከፍ ያለ ሊሆን ይችላል።

በስኬት ዓለም የምናወራው ግን ስለ ሴንቲ አይደለም። ስለ ሁለትና ሦስት ሚሊ ነው።

ወደፊት ማዘንበል አነሳስን ለምን ያግዛል?

እዚህ ጋ ረጋ እንበል። ጉዳዩ ያለው እዚህ ነው።

አውቶቡስ ውስጥ ቆማችሁ ታውቃላችሁ። ሹፌሩ በድንገት ሲነሳ ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ይሄዳል። የለመደ ተሳፋሪ ግን ሞተሩ ድምፅ ሲቀይር ቀድሞ ወደፊት ያዘነብላል፤ አይወድቅም። እግርን ወደፊት የሚገፋ ኃይል ሲመጣ ላይኛው አካል ወደ ኋላ ይቀራል። ይህን የሚያካክሰው ቀድሞ ወደፊት ማዘንበል ብቻ ነው። አነሳሱ በጠነከረ መጠን ማዘንበሉም መጠንከር አለበት።

ስኬት ላይ አውቶቡሱም ተሳፋሪውም እናንተ ናችሁ። ከቆማችሁበት በኃይል ከተነሳችሁና ክብደታችሁ ተረከዝ ላይ ከሆነ እግራችሁ ጥሏችሁ ይሄዳል። በቂጥ መቀመጥ ይከተላል። ስለዚህ ሰውነት ሳያስበው ኃይሉን ይቀንሳል። ጉልበት እያለህ የማትጠቀምበት ማለት ነው። ክብደቱ ወደ እግር መዳፍ ፊት ከመጣ ግን ያለውን ጉልበት ሁሉ ሳይፈራ ያወጣል።

ሁለተኛ ነገር አለ። በሩጫ ጫማ መሬቱን ወደ ኋላ ትገፋላችሁ፣ መሬቱ ወደፊት ይገፋችኋል። በስኬት ቀጥ ብላችሁ ወደ ኋላ ልግፋ ካላችሁ ጎማው ይንከባለላል እንጂ አይገፋም። የሚይዘው ወደ ጎን ሲገፋ ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ጀማሪውም ሻምፒዮኑም ሲነሳ እግሩን እንደ ዳክዬ ይከፍታል፤ ተረከዝ ከተረከዝ ተጠጋግቶ፣ ጣት ወደ ውጭ፣ «ለ» ፊደል ተገልብጣ። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት እርምጃዎች ሩጫ ይመስላሉ። ከዚያ ፍጥነት ሲጨምር ግፊቱ እየረዘመ ወደ ጎን ይሄዳል። ግፊቱ ረጅም የሚሆነው ደግሞ ጉልበት በደንብ ታጥፎ ሲዘረጋ ነው። ጉልበት እንዲታጠፍ ቁርጭምጭሚት መታጠፍ አለበት። ጠንካራው የስኬት ጫማ ግን ቁርጭምጭሚቱን ቀፍድዶ ይይዘዋል። ዘንበል የሚለው ጫማ የተከለከለውን መታጠፍ በሌላ በር ይመልሳል። ደብተሩ ቁጢጥ ስትሉ የሠራው ሥራ ይኸው ነው።

ልብ በሉ፣ ዘንበሉ ራሱ ፍጥነት አልሰጠም። ያለውን ጉልበት የማውጫ ቦታ ነው የሰጠው። ጉልበቱን ሳያጥፍ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ለሚነዳ ሰው ተረከዝ ማንሳት የሚያመጣለት አፍንጫውን ወደ አስፋልቱ ማቅረብ ብቻ ነው። የሰፈራችን ልጅ ችግርም ይኸው ነበር።

በረዶ ላይ ያሉት እንዴት ያስተካክሉታል?

የሆኪ ብረት ከሥሩ ቀጥ ያለ ይመስላል፤ አይደለም። እንደ ተወዛዋዥ ወንበር እግር ከፊትና ከኋላ ወደ ላይ ይጎብጣል። ጉብጠቱን ክብ አድርጋችሁ ብትጨርሱት ከመሃሉ እስከ ጠርዙ በግምት ከ2.7 እስከ 4 ሜትር ይደርሳል። ቁጥሩ ሲያንስ በረዶውን የሚነካው ብረት ያጥራል፤ ተጫዋቹ ቶሎ ይዞራል። ሲበዛ የሚነካው ይረዝማል፤ የተረጋጋና የሚንሸራተት ይሆናል። በትልቁ ዙር የሚሽቀዳደሩ የፍጥነት ስኬተሮች ከ20 ሜትር በላይ የሆነ፣ ለዓይን ቀጥ ያለ ብረት ነው የሚጠቀሙት። እነሱ በጠባብ ቦታ መዞር አይጠበቅባቸውም።

ሚዛኑ የሚያርፍበት ነጥብ በብረቱ ላይ የት ነው? ይህ ነው የዘንበሉ ምስጢር። ብረቱን የሚስለው ባለሙያ ከብረቱ የፊት ክፍል ትንሽ ሞርዶ ሲያነሳ ነጥቡ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ጫማው በአፍንጫው ይወርዳል። ወደፊት አዘነበለ ማለት ነው። ይህ ሥራ የሚሠራው በመለኪያ መሞረጃ ማሽን ነው። የተሞረደ ብረት ደግሞ አይመለስም። ሌላው መንገድ ብረቱን የያዘውን ፕላስቲክ ከጫማው ነቅሎ ተረከዙ ሥር ስስ ሽብልቅ አስገብቶ እንደገና መግጠም ነው። ከፋብሪካው ወደፊት አዘንብለው የሚወጡ ጫማዎችም አሉ። ሁለት ኩባንያ አንድ ቁጥር ጫማ ሠርቶ አንዱ የሚመች፣ ሌላው ጀርባ የሚያሳምመው አንዳንዴ ከዚህ ነው።

አንድ የሚምታታ ነገር ልለይ። የሆኪ ብረት ከሥሩ በርዝመቱ የተቦረቦረ ጎድጓዳ መስመር አለው፤ ሁለት ጠርዝ የሚሰጠው እሱ ነው። «ብረቱን አስሳልኩ» ሲሉ ብዙውን ጊዜ ይህን ማለታቸው ነው። እሱ በረዶውን አጥብቆ መያዝን ይመለከታል። ከዘንበል ጋር አይገናኝም።

እኛስ፣ ጎማ ላይ?

ብረት የለም፣ መሞረድ የለም። ያለን ጎማና ቡሎን ነው። ኩሽኔታ ለቅሞ የእንጨት ጋሪ ሠርቶ ያደገ ሰው ይህን ክፍል ይወደዋል።

ብዙ ልጆች የሚሞክሩት ፊተኛዎቹን ሁለት ጎማዎች በትንንሽ መቀየር ነው። እናስላው። አራቱም ጎማ 80 ሚሊ ነበር። ፊተኛዎቹን ሁለቱን በ76 ቀየርክ። ዲያሜትሩ በ4 ሚሊ አነሰ፤ ከመሃሉ እስከ መሬት ያለው ግን በግማሹ፣ በ2 ሚሊ ነው ያነሰው። ሻንሲው ቀጥ ያለና ቀዳዳዎቹ እኩል ከፍታ ላይ የተበሱ ከሆኑ አራቱ ጎማዎች አብረው መሬት አይነኩም። ክብደትህን ወደ ኋላ ስትጥል ኋለኛዎቹ ሁለቱ ላይ ነህ። ወደፊት ስትደገፍ ደግሞ ከፊት ሲቆጠር አንደኛውና ሦስተኛው ላይ ነህ፤ ሁለተኛው 1 ሚሊ ያህል አየር ላይ ይንጠለጠላል። አንድ እግሯ ያጠረ የሻይ ቤት ጠረጴዛ ታውቃላችሁ? እንደዚያ ነው። ስትገፋ ትወዛወዛለህ፤ የሚወዛወዝ ነገር ደግሞ ኃይል ይበላል።

ታዲያ የሆኪ ጎማ ስኬቶች እንዴት ፊታቸው ትንሽ፣ ኋላቸው ትልቅ ሆነ? እውነት ነው፣ ፊት 76 ወይም 72፣ ኋላ 80 የሆኑ አሉ፤ ሃይ-ሎ ይባላሉ። ልዩነቱ ሻንሲው ነው። ቀዳዳዎቹ ለእያንዳንዱ ጎማ በየራሱ ከፍታ የተበሱ ስለሆኑ አራቱም ያርፋሉ። ቪዲዮ ላይ ጎማው ይታያል፣ ቀዳዳው አይታይም።

በቀጥታ ሻንሲ የሚሠራው ደረጃ በደረጃ መደርደር ነው፤ 74፣ 76፣ 78፣ 80። ሁሉም መሬት ይነካሉ። ከፊተኛው እስከ ኋለኛው ያለው የከፍታ ልዩነት 3 ሚሊ ነው፤ በ24 ሴንቲ ርዝመት ላይ ከ1 ዲግሪ በታች ዘንበል ይሰጣል። «እነዚህን ሁሉ ቁጥሮች ከየት ላምጣ?» ካላችሁ፣ ቤታችሁ አለ። ያገለገለ ጎማ ተበልቶ ያንሳል። እያንዳንዱን በክር ከብባችሁ ክሩን ለኩና ለ3.14 አካፍሉት፤ ዲያሜትሩ ወጣላችሁ። ትንሹን ወደፊት፣ ትልቁን ወደ ኋላ፣ ልዩነቱ በተቻለ መጠን እኩል እንዲሆን። ወጪው የአንድ ሻይ ያህልም አይደለም። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ብዙ ጊዜ ጎማ የሚበላው በአንድ ጎኑ ነው። የተበላውን ጎን ገልብጣችሁ ግጠሙ።

ሽብልቁስ? ጫማና ሻንሲ በሁለት ቡሎን የሚያያዙ ከሆነ ይቻላል። በቡሎኖቹ መሃል ያለው ርቀት በተለመዱት ዓይነቶች 165 ወይም 195 ሚሊ ነው። ተረከዝ ሥር 3 ሚሊ ስታስገባ 1 ዲግሪ ገደማ ታገኛለህ። ግን የውሃ ፕላስቲክ አይሆንም። ሲረገጥ ይጨመቃል፣ ቡሎኑ ይላላል፣ ጫማው ወደ ጎን መጣመም ይጀምራል። ደረቅ ነገር ይሁን፤ ላሜራ ወይም ጠንካራ ፕላስቲክ፣ የሻንሲውን ወርድ ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን። ከፍታው ስለጨመረም ቡሎኑ በዚያው ልክ መርዘም አለበት። አለበለዚያ ሁለት ጥርስ ብቻ ይዞ ይቀርና መንገድ ላይ ይለቃል። እኔ ከዓመታት በፊት ሦስት ሮንዴላ ደርቤ በድሮው ቡሎን አስሬው ነበር። እስከ ባቡር ጣቢያው አደባባይ አደረሰኝ። ከዚያ ወዲያ በእግሬ ነው የተመለስኩት፣ አንዱን ጫማ በእጄ ይዤ።

ከሳልባጅ የተገዙና ሻንሲያቸው በሪቬት የተመታ የልጆች ስኬቶችን አትንኩ። ሪቬቱ ከተነቀለ እንደነበረው አይመለስም።

ምን ያስከፍላል?

ከድሬ ወደ ደንገጎ የሚወጣ ሚኒባስ በዝቅተኛ ማርሽ ነው የሚወጣው። ያው ማርሽ ለጥ ያለ መንገድ ላይ ሞተሩን ያስጮኻል እንጂ አያስኬድም። ወደፊት ማዘንበልም እንዲሁ ነው። በመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ይከፍልሃል፤ ቀጥሎ ያስከፍልሃል።

ቀድሞ የሚያማርረው የጭን ፊት ጡንቻ ነው። ከዚያ የታችኛው ጀርባ፤ ሰውነት ላለመውደቅ ወገቡን ወደ ኋላ ሲመልስ ይውላልና። ጣቶች በጫማው አፍንጫ ይጨናነቃሉ። በፍጥነት ስትሄድ ትንሽ ጠጠር ስትመታ ወደፊት የመድፋት ዕድሉ ይጨምራል፤ ደቻቱ አካባቢ አሸዋው አስፋልት ላይ እንደሚወጣ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። የኋልዮሽ መንዳትም ይከብዳል። ሆኪ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ፊቱን ወደ አጥቂ አዙሮ ወደ ኋላ የሚንሸራተተው ተከላካይ ብዙ የማያዘነብል ጫማ የሚመርጠው ለዚህ ነው።

ተቃራኒው ምልክትም አለ። ክብደትህ ሁልጊዜ ተረከዝ ላይ ከሆነ፣ ስትነሳ ወደ ኋላ የምትንገዳገድ ከሆነ፣ ጉልበትህን አጥፈህም ጣትህን ማለፍ ካቃተው፣ ያኔ ትንሽ ዘንበል ይረዳሃል።

መጀመሪያ ምን ልሞክር?

ምንም ሳትፈቱ በፊት የጫማውን ላይኛ ክር ቀዳዳ ዝለሉት። ማሰሪያው ባለ መቆለፊያ ከሆነ የላይኛውን አንድ ጥርስ አላሉት። ቁርጭምጭሚቱ ወደፊት የመታጠፍ ነፃነት ያገኛል። ብዙ የሆኪ ተጫዋቾችም ይህን ያደርጋሉ። ነፃ ነው፣ ይመለሳል፣ ቡሎን አይጠፋም። ለብዙ ሰው ደግሞ ይኸው ይበቃዋል ባይ ነኝ።

ከዚያ የግንበኛ ቱንቢ ሥሩ፤ ክር ጫፍ ላይ ዳዶ ማሰር ነው። ስኬቱን አድርጋችሁ፣ ልትነሱ እንደተዘጋጀ ሰው ጉልበታችሁን እጠፉ። ጓደኛችሁ ክሩን ከጉልበታችሁ ፊት ይልቀቀው። ዳዶው ከጫማው አፍንጫ ላይ ወይም ትንሽ ቀድሞ ከወረደ አቋማችሁ ደህና ነው። ወደ ቁርጭምጭሚት ከተጠጋ ገና አልታጠፋችሁም። እንዳትታጠፉ የከለከላችሁ ጫማው ነው ወይስ ስንፍናው? እሱን እናንተ ታውቁታላችሁ።

ለውጥ ካደረጋችሁ ደግሞ በስሜት አትፍረዱ። አዲስ ነገር ሁሉ የመጀመሪያ ቀን ፈጣን ይመስላል። በጠመኔ መነሻ መስመር፣ 5 ሜትር ላይ አንድ፣ 20 ሜትር ላይ አንድ አስምሩ። ጓደኛ በስልክ ይቅረፅ። በሰከንድ 30 ምስል የሚቀርፅ ስልክ ከሆነ እያንዳንዷ ምስል የሰከንድ አንድ ሠላሳኛ ናት፤ ቁጠሩ። በሽብልቅ አምስት ጊዜ፣ ያለ ሽብልቅ አምስት ጊዜ፣ እየቀያየራችሁ። 5 ሜትር ላይ አሸንፎ 20 ሜትር ላይ የተሸነፈ ለውጥ ብታገኙ አይግረማችሁ። ጠዋት ቢሆን ይሻላል። የቀትር የድሬ አስፋልት ጎማ ያለሰልሳል፣ ለስላሳ ጎማ ደግሞ ይጎትታል። የራስ ቁርና የጉልበት መከላከያ የሚለውን እናቶቻችሁ ስለሚነግሯችሁ እዘለዋለሁ።

ልጁን ትናንት አየሁት። ፕላስቲኩን አውጥቶ ጥሎታል። ስምንቱንም ጎማ በእናቱ የስፌት ክር ለክቶ ውስጣቸው ላይ በእስክሪብቶ ቁጥር ጽፏል። ስኬቱን አድርጎ ቆመ፣ ጉልበቱን አጠፈና ጓደኛውን አጎንብሶ ሁለተኛዋን ጎማ በጣቱ እንዲያሽከረክራት አዘዘው። መሬት የነካች ጎማ ሰው ቆሞባት በጣት አትዞርም።

ዞረች።

«ጋሼ፣ አሁንም ተንጠልጥላለች!» አለና ቡሎኑን ለመፍታት እዚያው አስፋልቱ ላይ ተቀመጠ።